ስምንት ስምንት ቀለም፦ የሂንዱ ጸሎትና ትረካ ለሕፃናት እንዴት ይሰጣል

እንደምን አመሻችሁ።

ራማያና፣ የንጉሥ ራማን ታሪክ የሚተርከው ታላቁ የሂንዱዎች ግጥም፣ ገና ሲከፈት የሚያነሳው ጥያቄ የመምህር ጥያቄ ነው። ደራሲው ቫልሚኪ ወደ 24,000 ሽሎካ (አርኬ) የሚጠጋ ግጥም ደርሶ ጨርሷል፤ የጨነቀው ማን በቃሉ ይይዝልኛል የሚለው ነው። እንዲህ እያሰበ ሳለ ኩሻና ላቫ የሚባሉ ወንድማማች ልጆች ገብተው እግሩን ይነካሉ። ድምፃቸው ያማረ፣ የሰሙትን የማይጥሉ ናቸው። ከዳር እስከ ዳር አስጠናቸው። በየጎዳናው ሲያዜሙ ንጉሡ ራማ ሰምቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስጠራቸው። የሚያዜሙለት የራሱን ታሪክ ነው፤ ልጆቹም የአብራኩ ክፋዮች ናቸው፤ እሱ ግን ገና አላወቀም።

በሂንዱዎች ዘንድ እንግዲህ ልጅ ትረካውን የሚሰማ ብቻ አይደለም፤ የሚሸከመውም እሱ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ጭነቱ እንዴት እንደሚጫን፣ ምን ያህል እንደሚሆንና የት ላይ እንደሚያዘነብል ነው። ፍሬ ነገሩን አስቀድመን እንናገር፦ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ላለ ልጅ ጸሎት ከአንድ የዕለት ሥራ ጋር ይታሰራል እንጂ በትምህርት ክፍለ ጊዜ ለብቻው አይሰጥም። ትረካ ደግሞ በጥያቄ ይገባል። ማብራሪያ የሁሉም መጨረሻ ነው። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ከማብራሪያው ስለሚጀምር ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ብዙው ነገር አዲስ አይሆንበትም። የቬዳ፣ የጥንቱ የሂንዱ ቅዱስ ቃል፣ ተማሪ መጽሐፍ ሳይዝ በመምህሩ ፊት ይቀመጣል፤ መምህሩ አንድ ጊዜ ይላል፣ ተማሪው ሁለት ጊዜ ይመልሳል። የእኛ የንባብ ቤት ተማሪ ተነሽና ወዳቂን፣ ተጣይና ሰያፍን እንደሚለይ ሁሉ፣ እዚያም ከፍ የሚለው፣ ዝቅ የሚለውና ከከፍታ የሚወርደው ድምፅ ለየብቻ ስም አላቸው፦ ኡዳተ፣ አኑዳተ፣ ስቨሪተ። በአንዳንድ ቤት መምህሩ የልጁን ራስ በእጁ ይዞ ድምፁ ሲወርድ ወደ ታች፣ ሲነሳ ወደ ላይ ያደርገዋል። ንባቡ ከተያዘ በኋላ ቃላቱ ይገለባበጣሉ፦ ሀ ለ፣ ለ ሀ፣ ሀ ለ፤ ከዚያ ለ ሐ፣ ሐ ለ፣ ለ ሐ። ይህ ጀታ ይባላል። አንዲት ቃል ብትጎድል ሰንሰለቱ ይበጠስና ስሕተቱ እዚያው ይጋለጣል። ዩኔስኮ በ2003 እ.ኤ.አ. ከሰው ልጅ ድንቅ የቃል ቅርሶች አንዱ ብሎ ያወጀው ይህንኑ የቬዳ ዜማ ነው።

ይህ ግን ዓመታት የሚፈጅ የባለሙያ መንገድ ነው። ለቤት ልጅ የሚሆነው ሽሎካ ነው፤ 32 ቀለም ያለው፣ ስምንት ስምንት ሆኖ ለአራት የሚከፈል አርኬ። ቀለም ስንል በአንድ የአፍ ከፈታ የሚወጣውን የድምፅ ክፍል ነው። የአራት ዓመት ልጅ በአንድ ትንፋሽ ሊይዘው የሚችለው ስምንት ቀለም ገደማ በመሆኑ ሽሎካ ለልጅ አፍ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ይመስላል።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ጠዋት ከመኝታ ሳይወርዱ የሚባለው የመዳፍ ጸሎት ይህ ነው፦

ከራግሬ ቨሰቴ ለክሽሚሂ
ከረመድዬ ሰረስቨቲ
ከረሙሌ ቱ ጎቪንደሀ
ፕረባቴ ከረደርሸነም

በእጅ ጫፍ ላክሽሚ ትኖራለች፤ በእጅ መካከል ሳራስቫቲ፤ በእጅ ሥር ጎቪንዳ፤ በማለዳ እጅን ማየት። ላክሽሚ የሀብት፣ ሳራስቫቲ የዕውቀት አምላክ ናቸው፤ ጎቪንዳ የአምላኩ የክሪሽና ሌላ ስሙ ነው። (ሦስተኛው መስመር እንደየቤቱ ይለያያል፤ ጎቪንዳን በሌላ ስም የሚተኩ አሉ። ልጁ አያቱ ቤት የሚሰማውን መያዝ ነው።) የጸሎቱ ጥበብ እንቅስቃሴው በውስጡ መኖሩ ነው። ልጁ ሁለት መዳፎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ዓይኑን ከጣቶቹ ጫፍ ወደ መዳፉ መሐል፣ ከዚያ ወደ አንጓው ያወርዳል። ቃሉ ቢጠፋው ዓይኑ ያስታውሰዋል።

አሰጣጡ አንድ ሳምንት ይወስዳል፤ በቀን ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። በመጀመሪያው ቀን ልጁ ምንም አይልም። አዋቂው ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይላል፤ ልጁ ዓይኑን ብቻ ያወርዳል። በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያዋ ስምንት ቀለም፤ አዋቂው አንዴ፣ ልጁ ሁለቴ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛዋ ትጨመርና ከመጀመሪያዋ ጋር ትሰፋለች። በአራተኛው ቀን ሦስተኛዋና አራተኛዋ አብረው ይገባሉ፤ ልጁ አሁን ምቱን ስለያዘ አይከብደውም። በአምስተኛው ቀን አዋቂው «ከራግሬ» ብሎ ዝም ይላል፤ ልጁ ይጨርሳል። በስድስተኛው ቀን ልጁ ብቻውን ይላል። በሰባተኛው ቀን ትምህርት የለም፤ ጠዋት ብቻ ነው ያለው።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ስፌቱ ላይ ነው። ልጁ መስመሮቹን ለየብቻ ያውቃቸዋል፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ግን መሻገር ያቅተዋል፤ ሁለቱም «ከረ» ብለው ስለሚጀምሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። መድኃኒቱ መስመሩን ከመጀመሪያው ማስደገም አይደለም። «ሰረስቨቲ፣ ከረሙሌ» የምትለዋን መጋጠሚያ ብቻ ነጥሎ አምስት ጊዜ ማስባል ነው። ሁለተኛው መጨረሻው ነው፤ «ደርሸነም» እንደ መኪና ጭስ እየደበዘዘ ይጠፋል። ከመጨረሻው ቀለም ጋር እጆቹን እንዲገጥም ማድረግ ይበቃል፤ እጅ የሚገጠመው «ነም» ከተሰማ በኋላ ብቻ ነው። ሦስተኛው የኅብረት ድምፅ ነው። አሥር ልጆች በአንድነት ሲሉ መምህሩ ደስ ይለዋል፤ ከአሥሩ ግን ቃሉን የሚያወጡት ሁለት ሦስት ናቸው፤ የቀሩት ግማሽ ቀለም ወደ ኋላ ቀርተው የጎረቤታቸውን ድምፅ ይጎትታሉ። በየክፍለ ጊዜው ሁለት ልጆች ለብቻቸው ቢሉ በሳምንት ውስጥ ሁሉም ይታያል። እርማቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ካልመጣ ስሕተቱ ከዜማው ጋር ይደርቃል፤ የደረቀውን መንቀል አዲስ ከማስጠናት ይከብዳል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የሳንስክሪት አጭሩ «አ» ከእኛ የግዕዝ ድምፅ፣ ከ«ከ» እና «ረ» ጋር ይቀራረባል፤ ረጅሙ ደግሞ ከራብዑ፣ ከ«ካ» እና «ራ» ጋር። ስለዚህ ፊደላችን የላቲን ፊደል ያለ ምልክት የማይለየውን ይለያል። በጋዜጣ «ራማ» እያልን የምንጽፈው ስም በትክክል ቢጻፍ «ራመ» ነው። እዚህ ስሞቹን እንደተለመደው ትተን ጸሎቶቹን ብቻ በድምፃቸው ጽፈናል። ፊደላችን የማይችለው ሁለት ነገር አለ። አንዱ አጭርና ረጅም «ኢ» እና «ኡ» ነው፤ ሱተ በአጭሩ ልጅ ማለት ነው፣ በረጅሙ ሲሳብ ሰረገላ ነጂ ይሆናል፤ በማሃባራታ፣ በሌላው ታላቅ የሂንዱ ትረካ፣ ጦረኛው ካርና ዕድሜ ልኩን የሚሰደብበት ቃል ይኸው ረጅሙ ነው። ሌላው በትንፋሽ የሚወጡት ድምፆች ናቸው፤ ክ ብቻ አለ፣ ክ ከትንፋሽ ጋር አለ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለማውጣት ሲታገል ሳያስበው «ቀ» እና «ጠ» ዘንድ ይደርሳል። እነዚህ ግን ትንፋሽን የሚቋጥሩ ናቸው፤ የሚፈለገው የሚለቅ ነው። ስስ ወረቀት ከከንፈር አራት ጣት ያህል አርቆ መያዝ ነው፤ በአንደኛው ድምፅ ጸጥ ይላል፣ በሁለተኛው ይርገበገባል። ልጆች ይህን ጨዋታ እስኪሰለቻቸው ይጫወቱታል፤ እኛም እንዲሰለቻቸው እንፈልጋለን።

ስለ ፊደል ከተነሳ፣ የህንድ ፊደል ገበታ ሕፃን የሚገባው ሥርዓት አለው። 25ቱ ተነባቢዎች በአምስት ረድፍ ይቆማሉ፤ የመጀመሪያው ረድፍ ከጉሮሮ፣ ሁለተኛው ከላንቃ፣ ሦስተኛው ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ አራተኛው ከጥርስ፣ አምስተኛው ከከንፈር ይወጣል። ጣቱን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ጀምሮ ከንፈሩ ላይ የሚጨርስ ልጅ ገበታውን በአካሉ ያጠናዋል።

ጥንቃቄውን የሚያስተምረው ቀልድ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ አለ። አባት ልጁን «ብዙ ባትማርም ሰዋስው ተማር» ይለዋል፤ ምክንያቱም «ሰ» ን «ሸ» ካልክ የገዛ ዘመድህ፣ ስቨጀነ፣ የውሻ ወገን፣ ሽቨጀነ፣ ይሆናል፤ ሙሉው፣ ሰከለ፣ ስባሪ፣ ሸከለ፣ ይሆናል፤ «አንድ ጊዜ» የሚለው ቃል ደግሞ ፋንድያ ሆኖ ያርፋል። በመጨረሻው ላይ የማይስቅ የስድስት ዓመት ልጅ የለም። ከሳቀ በኋላ ሁለቱን ድምፆች አይቀላቅላቸውም።

ከመዳፉ ጸሎት በኋላ ቀኑ ራሱ ቦታ ይሰጣል። እግር መሬት ሳይነካ ምድርን ስለምረግጥሽ ይቅርታ የሚል አለ። ደብተር ሳይከፈት ለሳራስቫቲ፣ ከምግብ በፊት ከባጋቫድ ጊታ ምዕራፍ 4 ቁጥር 24 የሚባል አለ። ሁሉንም በአንድ ወር መክተት አያስፈልግም፤ በዓመት አምስት ቢገቡ መልካም ነው። አንድ ሥራ ሁለት ጸሎት ከተጫነበት ሁለቱም ይወድቃሉ።

የምሽቱ መብራት ግን ጊዜ ይገባዋል። ልጁ እዚህ ከአፉ ሌላ እጁም ሥራ ያገኛል። ንጹሕ ጥጥ ሁለት ጣት በሚያህል ርዝመት በመዳፍ መካከል ይጠቀለላል፤ ይህ የልጁ ሥራ ነው። ክሩ በንጥር ቅቤ ወይም በሰሊጥ ዘይት እስከ ጫፉ መራስ አለበት፤ ደረቅ ጫፍ ከተለኮሰ ይጨሳል፣ ከዚያም ይጠፋል። ዘይቱ ከሸክላው አፍ በታች ግማሽ ጣት ይጎድላል፤ ከሞላ ክሩ ይሰጥማል። ክብሪቱን አዋቂ ይጭራል። ሲበራ በማሃራሽትራ ቤቶች «ሹበም ከሮቲ ከልያነም» ተብሎ የሚጀምረው ይባላል፤ በጎነትን፣ ጤናንና ሀብትን የምታመጪ፣ የጠላትን ሐሳብ የምታጠፊ ብርሃን ሆይ፣ እጅ እነሳሻለሁ። «ጠላታችን ማን ነው?» ብሎ የማይጠይቅ ልጅ ብርቅ ነው። ብዙ መምህራን የጠላትነት ሐሳብ ማለት ነው፣ በእኛም ውስጥ ሊኖር ይችላል ብለው ይመልሳሉ፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ መሄድ ነገሩን ማወሳሰብ ነው።

ጋያትሪ ስለሚባለው የቬዳ ጸሎት የሚጠየቅ አይጠፋም። ከሪግ ቬዳ ሦስተኛ መጽሐፍ፣ መዝሙር 62፣ ቁጥር 10 ነው፤ ስምንት ቀለም ያላቸው ሦስት መስመሮች፣ 24። የመጀመሪያው መስመር ዛሬ በሚባልበት መልክ ሰባት ብቻ ሆኖ ይቆጠራል፤ «ቨሬንየም» የሚለው ቃል ጥንት «ቨሬኒየም» ተብሎ በአራት ቀለም ይወጣ ስለነበር ነው። የሚቆጥር ልጅ ካለ ይህን ያገኘዋልና መልሱን ይዞ መጠበቅ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ይህ ጸሎት የሚሰጠው በኡፐነየነ፣ ክር በሚታሰርበት ሥርዓት፣ ከሦስቱ የላይኛ ወገኖች ለሆኑ ወንዶች ብቻ ነበር። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ለሴቱም ለወንዱም ገና በልጅነት ያስተምራል፤ ሥርዓቱን ጠብቆ የሚያቆይ ቤተሰብም አለ። መምህር በራሱ ፈቃድ ለጎረቤት ልጅ ከመስጠቱ በፊት ወላጅን መጠየቅ አለበት።

ረጅም ነገር የሚፈልግ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ሃኑማን ቻሊሳን፣ የዝንጀሮውን አምላክ የሃኑማንን ውዳሴ፣ ያመጣል። ለባለቅኔው ቱልሲዳስ የሚሰጥ፣ በአዋዲ ቋንቋ የተገጠመ፣ ስሙ እንደሚለው 40 አርኬ ያለው ነው። ዜማው ቀላል ስለሆነ ልጅ ቶሎ ይይዘዋል፤ ጣጣውም ያው ነው፤ አርባውም በአንድ ምት ስለሚሄዱ ከ11 ወደ 27 ዘሎ ሳያውቀው ይጨርሰዋል። በሳምንት ሁለት፣ የክለሳው ሳምንት ሳይቆጠር በ20 ሳምንት አርባ። በየአምስቱ ላይ አንድ ሥዕል መለጠፍ፣ ስፌቶቹን ለብቻ ማስጠናት፣ ወር በገባ ቁጥር አዲስ ሳይጨምሩ አንድ ሳምንት የድሮውን መከለስ። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ትረካው እንምጣ። ማሃባራታ 18 መጽሐፍ፣ ወደ 100,000 ሽሎካ፤ ራማያና ሰባት ካንዳ (መጽሐፍ)። ከመጀመሪያው ጀምሮ ለመተረክ የሚነሳ ሰው በማሃባራታ የነገሥታት የትውልድ ሐረግ ላይ ልጆቹን ያስተኛቸዋል። ቶሎ የሚያስተኛ ፈልጎ ካልሆነ በቀር ከመሐል መጀመር ነው። በአንድ ምሽት አንድ ክፍል፣ ከሦስት የማይበልጥ ስም፣ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ። የማሃባራታው ጀግና አርጁና ሌላ ጊዜ ፓርታ፣ ሌላ ጊዜ ዳናንጃያ ይባላል፤ ልጅ ግን ሦስት ሰው ያደርጋቸዋል። አንድ ስም ይመረጥና እሱው ይጸናል።

ለመጀመሪያ የሚሆኑት ጥያቄ በውስጣቸው ያለባቸው ናቸው። መምህሩ ድሮና በዛፍ ጫፍ ላይ ሰው ሠራሽ ወፍ አስቀምጦ ተማሪዎቹን ቀስት አስገትሮ «ምን ይታይሃል?» እያለ ይጠይቃል። ዩዲሽቲራ ዛፉም፣ አንተም፣ ወንድሞቼም፣ ወፏም ይታዩኛል ይላል፤ ዞር በል ይባላል። አርጁና የወፏ ራስ ብቻ ይላል። (በአፍ ሲነገር «ዓይኗ» ተብሏል፤ በጽሑፉ ራሷ ነው።) ይህን ሲተርኩ ቆም ብሎ እያንዳንዱን ልጅ ምን ይታይሃል ብሎ መጠየቅ ነው። መስኮቱን፣ ድመቱን፣ የእህቱን ጫማ ይቆጥራል፤ ከዚያ አርጁና ሲመጣ ልዩነቱን ማንም ሳይነግረው ይሰማዋል።

ከሁሉ ለእኛ ጆሮ የሚቀርበው ግን ያክሻ የሚባለው መንፈስ የሚጠብቀው ሐይቅ ነው። አምስቱ የፓንዱ ልጆች በስደት ጫካ ውስጥ ውኃ ጠምቷቸዋል። ከሐይቁ የማይታይ ድምፅ «አስቀድመህ ጥያቄዬን መልስ» ይላል። አራቱ አንድ በአንድ እየመጡ ሳይመልሱ ይጠጣሉ፣ ይወድቃሉ። ዩዲሽቲራ ብቻ ቆሞ ይመልሳል። ይህ እኮ እንቆቅልሽ ነው፤ ምን አውቅልሽ ማለት ብቻ ይቀራል። ከምድር የሚከብድ? እናት። ከሰማይ የሚረዝም? አባት። ከነፋስ የሚፈጥን? ልብ። ከሣር የሚበዛ? የልብ ጭንቀት። ልጆቹ መልሱን ሳይሰሙ የራሳቸውን ይስጡ፤ «ከነፋስ የሚፈጥን ሞተር ሳይክል» ቢባልም ይመዘገባል። በመጨረሻ ድምፁ ከወደቁት አንዱን ብቻ ላስነሳልህ፣ ማንን? ይላል። እዚህ ላይ አፍን መዝጋትና መጠበቅ ያስፈልጋል። ልጆች ጉልበተኛውን ቢማን ወይም ቀስተኛውን አርጁናን ይመርጣሉ። ዩዲሽቲራ ናኩላን ይመርጣል፤ አባታቸው ሁለት ሚስቶች ነበሩት፣ ከኩንቲ ልጆች እኔ አለሁ፣ ከማድሪም አንድ ይኑርላት ይላል። በዚህ ምክንያት አራቱም ይነሳሉ። ሲያልቅ ዝም ማለት ነው። «እንግዲህ ልጆች ከዚህ የምንማረው» የተባለ እንደሆነ ትረካው እዚያው ይሞታል፤ ቀጣዩ ምሽት ላይ ልጁ መጨረሻውን እየፈራ ያዳምጣል።

ለቆጠራ የሚሆን ደግሞ በራማያና የላንካ ድልድይ አለ፤ ራማ በራቫና የተወሰደችበትን ሚስቱን ሲታን ለማስመለስ ባሕሩን የሚሻገርበት። በቫልሚኪ ላይ ናላ ከዝንጀሮዎቹ ጋር የ100 ዮጃና (የጥንት የርቀት መለኪያ) ድልድይ በአምስት ቀን ይሠራል፦ በመጀመሪያው ቀን 14፣ ከዚያ 20፣ 21፣ 22፣ 23። መቶ ፍሬ ሽምብራ ይቆጠርና በአምስት ቀን ምንጣፍ ላይ በዚህ ቁጥር ይደረደራል። ልጁ ራሱ ያስተውላል፤ ሠራተኞቹ እየለመዱ ሲሄዱ ፈጠኑ። ሽምብራውን ሕፃናት አፍንጫ ውስጥ ስለሚከቱት ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባለበት አፍም አፍንጫም ውስጥ የማይገባ ትልቅ ነገር ይሻላል። ድልድዩ ላይ አሸዋ የሚያራግፈው ሽኮኮ፣ ራማ ጀርባውን ዳብሶ ሦስት መስመር ያተረፈለት፣ ልጆች የሚወዱት ነው፤ በቫልሚኪ ግን የለም። ሲታ እንዳታልፈው የራማ ወንድም ላክሽማና ያሰመረው መስመርም በቫልሚኪ የለም። ይህ እንከን አይደለም፤ ራማያና በካምባን በታሚል፣ በክሪቲባስ በቤንጋሊ፣ በቱልሲዳስ በአዋዲ ሲተረክ የየአገሩን ቀለም ይዟል። አያት አንድ ዓይነት፣ ካርቱን ሌላ ዓይነት ሲናገሩ ልጅ «የቱ ነው እውነቱ?» ቢል፣ «ይህ የአያትህ ነው፣ ያ የሌላ ሰው ነው» ማለት ይበቃዋል።

ከባዶቹ ክፍሎች ሳይታሰብባቸው አይነኩም። የላንካው ንጉሥ ራቫና ሲታን ሲወስድ ለአራት ዓመት ልጅ እናቱ የተወሰደች ያህል ነው፤ በዚያው ምሽት ሃኑማን ቀለበቱን ይዞ እስኪደርስ ድረስ መተረክ አለበት፣ እዚያ ላይ ቆርጦ ማስተኛት አይገባም። የአምስቱ የፓንዱ ልጆች ሚስት ድራውፓዲ በአደባባይ የተዋረደችበት ከአሥር ዓመት በኋላ ቢደርስ ይሻላል። ኤካላቪያ ደግሞ አለ፤ ከዝቅተኛ ወገን በመሆኑ ድሮና አላስተምርህም ያለው፣ በራሱ ተምሮ ሲበልጥ ድሮና በክፍያ ስለጠየቀው የቀኝ አውራ ጣቱን ቆርጦ የሰጠ ልጅ። የሰባት ዓመት ልጅ «ይሄ ልክ ነው?» ይላል። ለድሮና ጥብቅና የሚቆም መምህር ልጁንም ትረካውንም ያጣል። ልክ አይመስልም ማለት፣ ካስፈለገም ለምን ጻፉት ብሎ አብሮ መጠየቅ ነው። በራማያና ሰባተኛው ካንዳ ሲታ የምትባረርበትና ከዝቅተኛ ወገን የሆነው ባሕታዊ ሻምቡካ የሚገደልበት አለ፤ ብዙ ምሁራን ይህን ካንዳ በኋላ የተጨመረ ነው ይላሉ። ለሕፃናት ትረካውን በስድስተኛው፣ ራማ ወደ አዮድያ ተመልሶ በሚነግሥበት ላይ መዝጋት የተለመደ ነው።

ለዓይን የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ ራጃስታኖች ካቫድ የሚሉት አላቸው፤ በሩ በበር ላይ የሚከፈት፣ በየገጹ ሥዕል ያለበት የእንጨት ሣጥን። ተራኪው አንዱን በር እየከፈተ በላባ እየነካ ይተርካል። በቤት ውስጥ ከጫማ ካርቶን ይሠራል፤ ክዳኑ ለሁለት ተቆርጦ በግራና በቀኝ በፕላስተር ይያያዛል፣ በላያቸው ሁለት ሌሎች በሮች ይደረባሉ። አራት በር፣ አራት ትዕይንት፣ በመጨረሻ ውስጡ። በሩን ልጁ ይክፈት፤ ተራኪው ሲቸኩል ልጁ በሩን ይዞ ያዘገየዋል።

የመጻፊያው ቀን ደግሞ አለ። በደቡብ ህንድ በኬረላ፣ ናቫራትሪ ከሚባለው የዘጠኝ ሌሊት በዓል ማግስት፣ በቪጃያዳሻሚ፣ ሦስት ዓመት አካባቢ ያሉ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ይጽፋሉ። በወርቅ ቀለበት ምላሳቸው ላይ «ሀሪ ሽሪ ገነፐተዬ ነመሀ» ይጻፋል፤ ከዚያ በዝርግ ትሪ ላይ በተነጠፈ ሩዝ ውስጥ የልጁን አመልካች ጣት ይዞ አዋቂው ያንኑ ያጽፈዋል። ሩዙ አንድ ጣት ያህል ቢወፍር ይበቃል፤ ከወፈረ ጣቱ ያለፈበት መልሶ ይደፈናል፣ ከሳሳ የትሪው ብረት ጣቱን ይፍቀዋል። ልጁ ሕዝብ ያያል፣ ያለቅሳል፣ ጣቱን ይነጥቃል። ጣቱን አጥብቆ መያዝ ልቅሶውን ያባብሰዋል፤ ከሥሩ ላላ አድርጎ ይዞ «ሽሪ» ን ብቻ ማስጻፍ ይቻላል። እሱም ካልሆነ ትሪውን መሬት አውርዶ ከጎኑ መቀመጥ ነው። ሩዝ ፊቱ ላይ ያገኘ ሕፃን ብዙ ሳይቆይ ጣቱን ራሱ ይከታል።